በካኑ ፖሎ ሃያ ዓመት መቆየት ምን ማለት ነው?

የስፖርት ዜና የሚከታተል ሰው አልፎ አልፎ እንዲህ ዓይነት ነገር ያጋጥመዋል፦ አንዲት ተጫዋች ከአሥራ አምስት ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተች፤ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበረች፤ የወርልድ ጌምስ ሜዳሊያም አላት። ስፖርቱ ካኑ ፖሎ ነው። አብዛኛው አንባቢ ስሟን ሰምቶ አያውቅም፤ ጨዋታውንም አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ከዜናው የሚተርፈው የሜዳሊያው ቁጥር ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ ደግሞ ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ውድድሮቹ በየስንት ጊዜው እንደሚመጡና ወጪውን ማን እንደሚችለው ካልታወቀ ብዙም አይናገርም። ይህ ማብራሪያ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ያያል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ራሱ ምንድን ነው?

ካኑ ፖሎ ባለ አንድ ሰው ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚደረግ የኳስ ጨዋታ ነው። ሁለት ቡድኖች በየበኩላቸው አምስት አምስት ተጫዋች ውሃ ላይ ያሰልፋሉ። ሦስት ተቀያሪዎች ደግሞ ከራሳቸው የግብ መስመር ኋላ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቅያሪው ገደብ የለውም፤ የደከመው ይወጣል፣ ያረፈው ይገባል፣ ጨዋታውም አይቆምም። ሜዳው 35 ሜትር በ23 ሜትር የሆነ የውሃ ክፍል ነው፤ የመዋኛ ገንዳ፣ ሐይቅ ወይም የረጋ ወንዝ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ሁለት የአሥር አሥር ደቂቃ አጋማሽ አለው።

ለአዲስ ተመልካች በጣም እንግዳ የሚሆነው ግቡ ነው። ግቡ ውሃው ላይ አልቆመም፤ ከውሃው ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ነው። የተቀመጠ ሰው እጁን ቢዘረጋ አይሸፍነውም። በዚህም የተነሳ ግብ ጠባቂው ጀልባውን ከግቡ ሥር አቁሞ መቅዘፊያውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳና በመቅዘፊያው ምላስ ኳሱን ይመልሳል። ቋሚ ግብ ጠባቂ ግን በሕጉ የለም። በዚያች ቅጽበት ከግቡ ሥር ሆኖ መቅዘፊያውን ያነሳው ተጫዋች እሱ ግብ ጠባቂ ነው።

ኳሱ የውሃ ፖሎ ኳስ ነው። ሴቶች ከወንዶቹ አነስ ባለ ኳስ ይጫወታሉ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ኳሱን በእጅ መያዝና መወርወር፣ በመቅዘፊያ ማቆምና መሳብ ይቻላል። ኳስ የያዘ ተጫዋች በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለበት፤ ቡድኑ ደግሞ በ60 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ መሞከር አለበት። አምስቱን ሰከንድ ልብ ይሏል፤ ወደ እሱ እንመለስበታለን።

መጋጨት ይፈቀዳል ማለት ነው?

አዎ፣ በልክ። ሕጉ ሁለት ዓይነት ንክኪ ይፈቅዳል። አንደኛው የእጅ ነው፦ ኳስ የያዘን ተጫዋች በተከፈተ መዳፍ ትከሻው ወይም ጎኑ ላይ ገፍቶ መገልበጥ ይቻላል። ሁለተኛው የጀልባ ነው፦ ኳሱ ቅርብ ከሆነ በጀልባ ጀልባን መግፋትና ማስለቀቅ ይቻላል። የጀልባን አፍንጫ ቀጥ አድርጎ የተጋጣሚ ሰውነት ላይ ማሳረፍ፣ ኳስ ያልያዘን ሰው በእጅ መግፋት፣ ተጋጣሚ በእጁ ሊይዘው ወደተቃረበ ኳስ መቅዘፊያ መስደድ ጥፋት ነው። ሁለት ዳኞች በግራና በቀኝ የሜዳው ጠርዝ ላይ እየተራመዱ ይህን ይከታተላሉ። አረንጓዴ ካርድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቢጫ ለሁለት ደቂቃ ያስወጣል፤ ቀይ ከጨዋታው ያሰናብታል።

ለዚህም ነው ተጫዋቹ የፊት መከለያ ያለው ሄልሜት የሚያጠልቀው፣ ጎኑንም የሚሸፍን ወፍራም ጃኬት የሚለብሰው። የካያኩ አፍንጫና ጅራት ለስላሳ ነገር ይደረግባቸዋል፤ የመቅዘፊያው ጠርዝም እንዳይቆርጥ ደንዘዝ ያለ መሆን አለበት። ጀልባው ርዝመቱ ከሦስት ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱ ቢያንስ ሰባት ኪሎ ነው።

መገልበጥ በዚህ ጨዋታ ውድቀት አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። ከጀልባው ሳይወጡ ውሃ ውስጥ ዞሮ መነሳት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። ጥሩ ተጫዋች ያለ መቅዘፊያ፣ በእጁ ብቻ ይነሳል። ከጀልባው ወጥቶ የዋኘ ግን ለጊዜው ከጨዋታው ውጪ ነው፤ ሜዳውን ለቆ፣ ጀልባውን አስተካክሎ ነው የሚመለሰው።

ከየት መጣ?

ጀልባ ላይ ሆኖ በኳስ መጫወት በስኮትላንድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ደግሞ በጀርመንና በፈረንሳይ የተለያየ መልክ ነበረው። የዛሬው ጨዋታ የተወለደው ግን በብሪታንያ ነው። በ1970 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተደረገ የካኑ ኤግዚቢሽን ላይ ተመልካች የሚስብ ነገር ተፈልጎ በገንዳ ውስጥ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ክለቦች ያዙት። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1994 በሼፊልድ፣ እንግሊዝ ተካሄደ። በወንዶች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች አውስትራሊያ አከታትላ ወሰደች፤ ቀጥሎ የበላይነቱ ወደ አውሮፓ ዞረ። ዛሬ ጠንካራ የሚባሉት ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ብሪታንያ፣ ስፔንና ኔዘርላንድስ ናቸው፤ ከአውሮፓ ውጪ ኒውዚላንድ ስሟ ይነሳል።

አንድ ተጫዋች በዘመኑ ስንት ትልቅ ውድድር ያገኛል?

ካኑ ፖሎ ኦሊምፒክ ውስጥ የለም። ኦሊምፒክ ላይ ከካኑ ቤተሰብ የገቡት የፍጥነት ቀዘፋውና በሚናወጥ ውሃ ላይ በሮችን የሚያልፉበት ስላሎም ናቸው። ስለዚህ የካኑ ፖሎ ተጫዋች ሕይወት በሦስት ውድድሮች ዙሪያ ይዞራል።

የመጀመሪያው ዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን በየሁለት ዓመቱ፣ ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው ዓመቶች የሚያዘጋጀው የዓለም ሻምፒዮና ነው። ከሼፊልድ በኋላ አደሌይድ፣ አምስተርዳም፣ ኤድመንተን፣ ሚላን እያለ ዞሮ በ2022 ሰንቶሜር፣ ፈረንሳይ፣ በ2024 ደግሞ ዴቺንግ፣ ቻይና ደርሷል። ሁለተኛው በጎዶሎ ቁጥር ዓመቶች የሚመጣው የአውሮፓ ሻምፒዮና ነው። ጠንካራዎቹ ቡድኖች በአብዛኛው አውሮፓውያን ስለሆኑ የፉክክሩ ደረጃ ከዓለሙ ብዙም አያንስም። ሦስተኛው ወርልድ ጌምስ ነው፤ ኦሊምፒክ ውስጥ ያልገቡ ስፖርቶች በየአራት ዓመቱ የሚገናኙበት መድረክ ነው። ካኑ ፖሎ የገባው በ2005 በዱይስበርግ፣ ጀርመን ነው። የሚጋበዙት ቡድኖች ጥቂት ስለሆኑ እዚያ መድረሱ ራሱ ይከብዳል።

አሁን እናስላ። በ2005 በ20 ዓመቱ ብሔራዊ ቡድን ገብቶ በ2017 በ32 ዓመቱ የተሰናበተ የአውሮፓ ተጫዋች እንውሰድ። በመካከል ስድስት የዓለም ሻምፒዮና፣ ሰባት የአውሮፓ ሻምፒዮናና አራት ወርልድ ጌምስ አሉ። አንድም ጊዜ ሳይጎዳ፣ አንድም ጊዜ ከምርጫ ሳይወድቅ፣ አገሩም ሁሌ ካለፈች ቢበዛ 17 ውድድር ነው። ስለዚህ በዜና ላይ «አሥር ሜዳሊያ» ሲባል ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ዕድልም አለበት። በ2020 ሊካሄድ የነበረው የዓለም ሻምፒዮና በወረርሽኙ ቀረ። ከ2018 እስከ 2022 አራት ዓመት ሙሉ የዓለም ዋንጫ አልነበረም ማለት ነው። በ2018 ሃያ ስምንት ዓመቱ የነበረ ሰው ምርጡን ጊዜ በባዶ አሳልፎ ሠላሳ ሁለት ሲሆን ነው ቀጣዩን ያገኘው። የ2021 ወርልድ ጌምስም ወደ 2022 ተገፋ። የዚያን ትውልድ ታሪክ ከሌላው ትውልድ ጋር በቁጥር ብቻ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይቆያሉ?

አንዱ ምክንያት የሰውነት ነው። ተጫዋቹ ተቀምጧል፤ እንደ ሯጭ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በየእርምጃው መሬት አይመታውም። ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ግን የሚያስፈልገው አጭር ነው። ጨዋታው ሲጀመር ኳሱ መሀል ውሃ ላይ ይጣልና ከየቡድኑ አንድ ሰው ከግብ መስመሩ ተነስቶ ይሽቀዳደማል፤ ርቀቱ 17 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ያን ሥራ ለወጣቱ መስጠት ይቻላል፤ ብዙ ቡድኖችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሲደክሙም መውጣትና ተመልሶ መግባት ስላለ አሠልጣኙ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰውን ጉልበት ለሚፈልግበት ደቂቃ ቆጥቦ ማቆየት ይችላል።

ዋናው ምክንያት ግን ማንበብ ነው። ካያክ እንደ እግር በቅጽበት አይዞርም። በአንድ አቅጣጫ የሄደ ሦስት ሜትር ጀልባ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ምት ቀዘፋ ይፈጃል። ስለዚህ ተሳስቶ የሄደ ተጫዋች ለጥቂት ሰከንዶች የለም ማለት ነው። አጥቂዎች ግቡን ከብበው የቆሙ አራት አምስት ተከላካዮችን ለመክፈት የሚያደርጉት ይህንን መጠቀም ነው፦ አንዱ ጀልባውን ከተከላካዩ ጀልባ ጎን አስደግፎ መንገድ ይዘጋበታል፣ ሌላው በተከፈተው ክፍተት ይገባል። የቅርጫት ኳስ ተመልካች ይህን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ የተዘጋበት ሰው ለመውጣት ጀልባውን ወደ ኋላ መቅዘፍ ያለበት መሆኑ ነው።

ወደ አምስቱ ሰከንድ እንመለስ። ኳስ በእጇ ያለች ልምድ ያላት ተጫዋች ከግራ በኩል ሊገፋት የሚመጣ ተከላካይ አየች እንበል። ጀማሪ ቢሆን ወዲያው ይወረውራል፣ ወይም ይዞ ይገለበጣል። እሷ ጀልባዋን በወገቧ ትንሽ ታዞረዋለች፤ የሚመጣው አፍንጫ መሀሏን እንዳያገኝ፣ ጎን ለጎን ተንሸራትቶ እንዲያልፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጁ ሊነካት ሲል ኳሱ ከእጇ ወጥቷል። አሁን ተከላካዩ ኳስ የሌለውን ሰው ከገፋ ጥፋት ነው፤ እጁን ከሰበሰበ ደግሞ ጀልባው በፍጥነቱ አልፎ ሄዷል፣ የጠበቀው ቦታም ባዶ ነው። እሷ ከፍጥነት የተጠቀመችው እምብዛም የለም። ያደረገችው መቼ እንደሚመጣ ማወቅና መቆየት ነው። ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በሃያ ዓመት ዕድሜ አይገኝም፤ በሠላሳ ሦስትም አይጠፋም።

ግብ ጠባቂነትም እንዲሁ ነው። ከግቡ ሥር የሚቆመው ሰው የሚመለከተው ኳሱን ብቻ አይደለም፤ የወርዋሪውን ትከሻ፣ የጀልባውን አቅጣጫ፣ የሌላኛውን እጅ ነው። መከላከሉን በድምፅ የሚመራውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንጋፋዎች ወደ ዘመናቸው መጨረሻ ወደዚህ ቦታ ሲጠጉ ማየት የተለመደ ነው።

የሚያሳጥረውስ ምንድን ነው?

ትከሻ። ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነት ሁሉ ይበልጥ በየአቅጣጫው የሚዞር ነው፤ ያን ነፃነት ያገኘው ግን ጥልቀት በማጣት ነው። የክንድ አጥንቱ ክብ ጫፍ የተቀመጠው በትንሽ ዝርግ ሳህን ላይ እንደተቀመጠ ብርቱካን ነው። ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዙት በዙሪያው ያሉ አራት ትናንሽ ጡንቻዎች፣ ጅማቶቻቸውና የመገጣጠሚያው ሽፋን ናቸው። ካኑ ፖሎ እነዚህን ጡንቻዎች በሁለት ሥራ ይጠምዳቸዋል። መቅዘፍ አለ፤ በልምምድ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ምት ነው። መወርወርም አለ፤ ያውም መሬት የረገጠ እግር ሳይኖር፣ ኃይሉን ሁሉ ከወገብና ከጀርባ በማምጣት። በዚህ ላይ ግፊያ ይጨመራል። በጣም አደገኛው አቀማመጥ ክንድ ከጭንቅላት በላይና ወደ ኋላ የሄደበት ነው፤ ወርዋሪ ሊወረውር ሲል፣ ግብ ጠባቂ መቅዘፊያውን ሲዘረጋ፣ የሚገለበጥ ሰው ራሱን ሊደግፍ ሲሞክር። በዚያ ሰዓት አንድ ግፊት ቢያርፍበት ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። አንዴ የወለቀ ትከሻ፣ በተለይ በወጣትነት ከሆነ፣ እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ለዚህ ነው ረጅም ዘመን የተጫወቱ ሰዎች ስለ ልምምዳቸው ሲጠየቁ ከውሃው ይልቅ ደረቅ መሬት ላይ ስለሚሠሩት ብዙ የሚያወሩት፦ የላስቲክ ገመድ መሳብ፣ የትከሻ አጥንትን ወደ ኋላ የሚስቡትን ጡንቻዎች ማጠንከር፣ የጀርባን ሽክርክሪት ማላላት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ማንም ቪዲዮ አይቀርጸውም። በሃያ ሁለት ዓመት የተተወ ግን በሃያ ስምንት ያስከፍላል።

ከትከሻ ቀጥሎ ታችኛው ጀርባ ነው፤ እግር ዘርግቶ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ መሽከርከር ያደክመዋል። ጣትም ይሰበራል፣ በጀልባና በጀልባ መካከል ይያዛል። እነዚህ ግን በአብዛኛው ይድናሉ።

ወጪውን ማን ይችለዋል?

ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ራሱ፣ ወይም ከክለቡና ከፌዴሬሽኑ ጋር ተጋግዞ። ጀርመን የካኑ ፖሎ ቡንደስሊጋ (ከፍተኛ ሊግ) አላት፣ ፈረንሳይም በደረጃ የተከፋፈለ ብሔራዊ ሊግ አላት፤ ተጫዋቾቹ ግን ባለሙያ ደመወዝተኞች አይደሉም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ውድድር የሚሄዱት በዓመት ፈቃዳቸው ነው። ከካርቦንና ከኬቭላር የተሠራ ካያክ ውድ ነው፤ በየጨዋታው ስለሚጋጭም መጠገን፣ ሲከፋም መቀየር አለበት። አህጉር ማቋረጥ ሲመጣ ጀልባውን በአውሮፕላን መጫን ሌላ ራስ ምታት ነው። በብዙ ሊጎች ደግሞ አንድ ክለብ ተጫውቶ ሲጨርስ የሌሎችን ጨዋታ እንዲዳኝ ተራ ይደርሰዋል፤ ያው የዓለም ሻምፒዮን እርጥብ ልብሱን ቀይሮ ፊሽካ ይዞ ጠርዙ ላይ ይቆማል።

ይህ የዘመኑን ርዝመት በሁለት አቅጣጫ ይነካዋል። ስፖርቱን እንጀራቸው ያላደረጉ ሰዎች ውል አልቆ አይባረሩም፤ እስከፈለጉና እስከተመረጡ ይጫወታሉ። በሌላ በኩል ብዙዎችን ከብሔራዊ ቡድን የሚያወጣቸው ጉዳት ሳይሆን ልጅ መውለድ፣ የሥራ እድገት ወይም የፈቃድ ቀን ማለቅ ነው። ሴቶች ላይ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ወልዳ የተመለሰች ተጫዋች ስታጋጥም ከኋላው ምን ያህል የቤተሰብ እርዳታ እንዳለ ዜናው አይነግረንም።

የሜዳሊያ ዝርዝር ስናነብ ምን እንይ?

መጀመሪያ የውድድሩን ዓይነት። የዓለም ሻምፒዮናና ወርልድ ጌምስ የአገር ቡድን ናቸው፤ የአገር ውስጥ ዋንጫና የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮና የክለብ ናቸው። ከ21 ዓመት በታች የተገኘ የዓለም ዋንጫም እውነተኛ ዋንጫ ነው፤ ከዋናው ጋር ደምሮ «የዓለም ሻምፒዮን» ብሎ ማለፍ ግን ያሳስታል።

ሁለተኛ፣ ሜዳሊያው የአንድ ሰው ሳይሆን የቡድን ነው። አንዱ አብዛኛውን ደቂቃ ተጫውቶ፣ ሌላው በቅያሪ ጥቂት ጊዜ ገብቶ እኩል ሜዳሊያ ያጠልቃሉ። ግብ ያስቆጠረ ሰው ስሙ ይጠቀሳል፤ ጀልባውን አስደግፎ መንገድ የከፈተለት አይጠቀስም። ስለዚህ ከግብ ቁጥር ይልቅ አንድ ሰው በስንት አሠልጣኝ እንደተመረጠ ማየት ይሻላል። አሠልጣኝ ሲቀየር፣ የጨዋታ ዘዴ ሲቀየር፣ ከሥር ሃያ ዓመት የሞላቸው ሲመጡ አሁንም በቡድኑ ውስጥ ያለ ተጫዋች በእኔ ግምት ከአንድ ወርቅ የበለጠ ነገር አሳይቷል።

ሦስተኛ፣ የፉክክሩን ስፋት። ይህን ሳያድበሰብሱ መናገር ያስፈልጋል፦ ካኑ ፖሎ በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱት አገሮች ጥቂት ናቸው። የዓለም ሻምፒዮን መሆን በመቶዎች ከሚቆጠሩ አገሮች መካከል መውጣት አይደለም። ግን ጥቂት መሆናቸው ሌላ ክብደት አለው፤ ያው አምስት ስድስት ቡድን በየዓመቱ ይገናኛል። ተጋጣሚዎች ይተዋወቃሉ፤ የማን ቀኝ ትከሻ እንደደከመ፣ ማን በአራተኛው ሰከንድ እንደሚወረውር ሁሉም ያውቃል። አሥር ዓመት በሙሉ በሚያውቁህ ሰዎች ፊት ማሸነፍ የራሱ ክብደት አለው።

ኦሊምፒክ ይገባ ይሆን?

ጥያቄው ሁሌ ይነሳል። ትልቁ እንቅፋት የሰው ቁጥር ነው። ስምንት የወንድና ስምንት የሴት ቡድን ብቻ ቢገባ፣ በየቡድኑ ስምንት ተጫዋች ሲታሰብ 128 ሰው ይሆናል። የኦሊምፒክ አዘጋጆች ደግሞ የአትሌቱን ጠቅላላ ቁጥር መገደብ ነው የሚፈልጉት። ለካኑ ከተመደበው ቦታ ላይ ይህን ያህል ይነሳ ቢባል ከፍጥነት ቀዘፋውና ከስላሎሙ መቀነስ ይመጣል፤ እነሱም በፈቃዳቸው አይለቁትም። እስከዚያ ድረስ የካኑ ፖሎ ተጫዋች ትልቁ መድረክ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣው የዓለም ሻምፒዮና ሆኖ ይቆያል፤ ብሔራዊ ቡድን የለቀቀውም በክለቡ መጫወቱን፣ ታዳጊ ማሠልጠኑን ወይም መዳኘቱን ይቀጥላል።